ልጄን አምጡልኝ ያልኩባቸው እሑዶች

የልጅ ልጆቼ ቁም ሣጥኔን ሲበረብሩ አንድ ፎቶ አገኙና ሥራ አስፈቱኝ። ፎቶው ላይ ያለችው ሴት ቀጭን ናት፤ አንገቷ ረጅም፣ ቀሚሷ መሬት የሚጠርግ፣ ፊቷ ደግሞ ማንንም የማትፈልግ የሚያስመስል ኩራት አለበት። ትልቋ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ፤ እንደገና ፎቶውን አየች።

«እማማ፣ ይቺ እርስዎ ነዎት?»

«ምነው፣ አልመስልም?»

«ሞዴል ነበሩ እንዴ!»

ታናሽየዋ አፏን በእጇ ሸፍና፣ «እማማ ሞዴል! በዚህ ጉልበት!» አለች።

«ያኔ ጉልበቱ የኔ ነበር። አሁን የሐኪም ነው» አልኳት።

ከዚያ ወዲያ አልለቀቁኝም። ይጻፉልን፣ ሲያወሩ መንገድ ላይ ይጠፋሉ አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እኔ ወሬ ስጀምር አስኮ ልሄድ ተነሥቼ ዘነበወርቅ ነው የምገኘው። አስኳላ ደጁን አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሴት ከሆንኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ ግድፈት ስታገኙ እለፉኝ። ስለ ልብስና ስለ ቴአትር ብዬ ብጀምርም የምጽፈው ስለ ልጄ ነው፤ ይህንንም አስቀድማችሁ እወቁልኝ።

ባሌ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ዛሬ እዚህ፣ ነገ ጅማ፣ ከነገ ወዲያ ወሎ። እኔን አገባኝና ቀራንዮ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ እናቱ ግቢ አስቀምጦኝ መንገዱን ቀጠለ። አማቴ ከጎጃም የመጡ፣ ጾም የማይገድፉ፣ ነገር የማይረሱ ጠንካራ ሴት ነበሩ። ክፉ ነበሩ ብዬ አልጽፍም። ስወልድ ገንፎዬን ያገነፉልኝ፣ ወገቤን ያሹኝ እሳቸው ናቸው። ልጅቷን ግን ገና እትብቷ ሳይደርቅ የራሳቸው አደረጓት። «የኔ እመቤት» ብለው ሲያቅፏት እኔ የሰው ቤት እንግዳ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ባሌ በሌለበት እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልሆነልኝም። ፒያሳ አንዲት አርመን ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ሁሉም ሰው ማዳም ነው የሚላት። ወለል ላይ የወደቀ ክርና መርፌ ለቃሚ ሆኜ ገባሁ። ልጄን ለአያቷ ትቼ፣ ከቀራንዮ እስከ ኮልፌ ፌርማታ ጭቃውን ወርጄ፣ እግሬን አጥር ሥር በተጠራቀመ ውሃ ተለቃልቄ አውቶቡስ እይዛለሁ። ጫማዬን የማደርገው ፒያሳ ስደርስ ነው።

የማዳም አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም። እኔን «አንተ»፣ ዘበኛውን «አንቺ» ትላለች፤ ዘበኛው ባለ ሪዝ አርበኛ ስለነበር በየቀኑ ይናደዳል። አንድ ቀን የአንድ ባለሥልጣን ሚስት ልብስ ልትመርጥ መጥታ፣ ልብሱን ለብሳ የምታሳየው ልጅ ቀረች። ማዳም ዞር ዞር ብላ ሰው ፈለገች። ተንበርክኬ መርፌ ስለቅም ዐይኗ አረፈብኝ።

«ተነሥ። አንተ ረጅም ነህ።»

«እኔ? እኔ እኮ የወለል ነኝ፣ ማዳም!»

«ወለል ዛሬ ይቆያል።»

ለበስኩት። ቀሚሱ ልክ ሆነ፤ ጀርባዬ ግን እምቢ አለ። ከልጅነቱ እንስራ የተሸከመ ጀርባ ነው፤ ባዶዬን ስሄድም ውሃ እንደያዘ ሰው ጎንበስ እላለሁ። ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ማዳም የጨርቅ መለኪያ እንጨቷን ጀርባዬ ላይ በመቀነት አሰረችና ከበሩ እስከ መስታወቱ ታመላልሰኝ ጀመር። «ውሃ የለም! ውሃ የለም!» እያለች ትጮኻለች። እንዲህ እያለች እያለች ቀና አደረገችኝ። ያኔ ሞዴል የሚል ቃል እኛ ዘንድ አልደረሰም። ማዳም ማኒኪን ትለን ነበር። ሰፈርተኛው ያወጣልንን ስም ግን አልጽፈውም፤ ልጆች ያነቡታል።

ደስ አይልም ነበር ብዬ አልዋሽም። ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሙዚቃው ሲጀመር፣ ጥበብ የተሠራበት ረጅም ቀሚስ ለብሼ ፈረንጁም ሀገሬውም መሐል ሳልፍ፣ እግሬ መሬት የሚነካ አይመስለኝም። ጭብጨባውን ግን ቤቴ ይዤው አልገባም። ፌርማታው ጋ ጫማዬን አውልቄ በብብቴ ስይዝ፣ ማኒኪኗም አብራ ትወልቃለች።

ጉዱን ያመጣው ያ ፎቶ ነው። ፎቶ አንሺው አጎልቶ አሠርቶ የሱቁ መስኮት ላይ ሰቀለኝ። ባሌ ከመንገድ የገባ ዕለት ውሃ እንኳ አልጠጣም።

«መስኮት ላይ ተሰቅለሻል አሉኝ።»

«የተሰቀለው ልብሱ ነው።»

«ልብሱ ውስጥስ ማን አለ?»

ጓደኞቹ መኪናቸውን አቁመው እየተጠቋቆሙ አይተውኛል። ትከሻዬ ይታያል። ትንሽ ነው፤ ግን ይታያል። በዚያው ተጣላን፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ዛፉ ሥር፣ ሽማግሌ ተቀመጠብን። አማቴ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «እሷ ከመስታወት ጋር ስትውል ልጅቷን ማን ያሳድጋት? መስታወቱ?» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። የሰው ሳቅ ፍርድ እንደሚሆን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። በኋላ ትልቅየው እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ቋሚ ሥራና የራስሽን በር ይዘሽ ስትመጪ ልጅሽን እንሰጥሻለን። እስከዚያ አያቷ ጋ ትቆይ። በየወሩ በመድኃኔዓለም ቀን እዚሁ ደጀ ሰላም ታያታለሽ።»

እንግዲህ ከዚህ በኋላ የሠራሁትን ሁሉ ለምን እንደሠራሁት የሚጠይቀኝ ካለ፣ መልሱ ይኼው ነው። ቋሚ ሥራና በር።

በሩን ወዲያው አገኘሁ። ኮልፌ፣ አጠና ተራ ጀርባ፣ ሐጂ የሚባሉ ነጋዴ ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል አከራዩኝ። ሚስታቸው እስላም አለመሆኔን አይታ ለብቻዬ ድስት ገዝታ ሰጠችኝ፤ ሥጋ ስሠራ እንዳልሳቀቅ። እንደ ሥጋ ዘመድ ነበሩ። ቋሚው ሥራ ነው እምቢ ያለኝ።

በየወሩ በሃያ ሰባት ደጀ ሰላሙ ጋ እቆማለሁ። አማቴ ከቅዳሴ ሲወጡ ልጄ ከነጠላቸው ሥር ብቅ ትላለች፤ ከዚያ እየሮጠች መጥታ ጉልበቴ ላይ ትጠመጠማለች። ከማዳም ወለል የለቀምኩትን የሚያብለጨልጭ ቁራጭ ጨርቅ እሰጣታለሁ፤ ለአሻንጉሊቷ ቀሚስ ታደርገዋለች።

«እማዬ፣ መቼ ነው የምትወስጅኝ?»

«ሥራዬ ቋሚ ሲሆን።»

«ቋሚ ምንድን ነው?»

«የማይሄድ።»

ጨርቁን እያገላበጠች አሰበች። «አያቴ ቋሚ ናት» አለችኝ።

አማቴ ሰምተዋል። አልሳቁም፣ አልተቆጡም። «በይ ነይ፣ ፀሐይ ሊመታሽ ነው» ብለው እጇን ያዙ።

ከዚያ ሚኒ መጣ። እናንተ ሚኒ ሲባል ትስቃላችሁ። እኔን ግን ሚኒ ከእንጀራዬ ነው ያወረደኝ። ግራ ቅልጥሜ ላይ፣ በልጅነቴ እሳት ላይ ወድቄ የቀረ ጠባሳ አለኝ፤ እንደ ተኮማተረ ቆዳ ነው። በረጅም ቀሚስ ዘመን ማንም ስለ እግሬ ጠይቆኝ አያውቅም። ቀሚስ ሲያጥር፣ ማዳም ፓውደር ቀባችበት፤ ላብ ሲነካው ወረደ። ወፍራም ካልሲ አለበሰችኝ፤ «ማነው የታመመው?» አሉ። ከተማሪ ቤት የወጡ እግራቸው እንደ ሸንበቆ የሆነ ልጆች መጡ። ማዳም አንድ ቀን እጄን ይዛ፣ «እኔ አልጠላህም። ዘመን ጠላህ» አለችኝ። አብረን አለቀስን። በማግስቱ ወደ ወለሉ መመለስ አፈርኩ፤ ቀረሁ።

ሥራ ፈልጌ ያልገባሁበት የለም። ሆስፒታል አጣቢ፣ ፋብሪካ፣ የሰው ቤት። «አንቺማ ያቺ የፎቶዋ አይደለሽ?» ይሉኛል። መልክ ዕዳ ነው የሚሉት እውነት ነው፤ ድስት ማጠቢያ ላይ እንኳ አላስቀምጥሽ ይላል። ሃያ ሰባት ሲደርስ ቁራጭ ጨርቅ እንኳ ስላልነበረኝ የራሴን መቀነት ጫፍ ቆርጬ የወሰድኩበት ወር አለ።

እንደዚያ ሆኜ ሳለሁ ነው አንድ ቴአትር አዘጋጅ ያገኘኝ። ማዳም ጋ የመድረክ ልብስ ሊያሰፋ ይመጣ የነበረ፣ ሲጋራ ከአፉ የማይለይ፣ ሸሚዙ ሁሌ ያልተተኮሰ ሰው ነው። ፌርማታ ላይ ቆሜ አየኝ።

«አንቺ የት ጠፋሽ? ዝም ብለሽ መቆም ትችያለሽ?»

«ሌላ ምን አውቃለሁ?»

«ነይ እንግዲያው። ንግሥቲቱ ጀርባ የምትቆም ደንገጡር ቸግሮኛል። የያዝኳቸው ሁሉ ያስነጥሳሉ።»

እንዲህ ሆኜ ቴአትረኛ ሆንኩ። ለወራት ቃል አልተነፈስኩም። መጋረጃው ሲከፈት እቆማለሁ፣ ሲዘጋ እሄዳለሁ። ቀራንዮ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደረሰ። በሚቀጥለው ሃያ ሰባት አማቴ ደጀ ሰላሙ ላይ፣ «ድሮ መስኮት ላይ ነበርሽ፤ አሁን መድረክ ላይ ወጣሽ። ቀጥሎስ የት ነው?» አሉኝ።

«ቀጥሎ ቤቴ ነው፣ እትዬ። ልጄን ይዤ።»

«አዝማሪ ቤት ልጅ አያድግም።»

ልጄ መሐላችን ቆማ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን ታይ ነበር።

አዘጋጁን ቋሚ አድርገኝ ብዬ ስለምነው፣ «ቋሚ የሚሆነው የሚናገር ነው። ዕቃ ቋሚ አይሆንም» አለኝ። ከዚያ አንድ ቀን በታይፕ የተመታ ወረቀት እጄ ላይ አኖረ። አዲስ ቴአትር ነው፤ ታማ የምትሞት እናት አለችበት። ያሰባት ተዋናይት አግብታ ሄዳለች። «በሚቀጥለው ሳምንት በቃልሽ ይዘሽ ነይ። ከሆነልሽ ቋሚ ነሽ» አለኝ።

ወረቀቱን ተቀብዬ እጅ ነሣሁ። ማንበብ እንደማልችል እንዴት ልንገረው? ቃሉ ሁሉ ጉንዳን ሆኖ ይታየኛል። ልጄ እዚያ ጉንዳን ውስጥ ናት፤ እንዴት እንደማወጣት ግን አላውቅም። ሐጂን እንዳልጠይቅ ዐረብኛ ነው የሚያነቡት። ሠራተኞቹን እንዳልጠይቅ በማግስቱ አዘጋጁ ጆሮ ይገባል። አውቶቡሱ ውስጥ ወረቀቱን ደረቴ ላይ ይዤ ሳለቅስ፣ አንዲት ጉራጌ እናት መርዶ የመጣብኝ መስሏት «አይዞሽ፣ እሱ ያውቃል» አለችኝ።

መጨረሻ ላይ ትዝ ያሉኝ እማሆይ ናቸው። ቀራንዮ መድኃኔዓለም ግቢ አጥር ሥር ጎጆ ያላቸው መነኩሲት ናቸው፤ ዳዊት ሲደግሙ ሰምቻቸዋለሁ። ሄጄ መሬት ስሜ ወረቀቱን ሰጠኋቸው።

«ምንድን ነው ልጄ?»

«የአንዲት ሴት ታሪክ ነው፣ እማሆይ። በቃሌ ማጥናት አለብኝ።»

ዐይናቸውን ወረቀቱ ላይ አጠጉና ጀመሩ። እማሆይ የሚያውቁት አንድ ንባብ ብቻ ነው። ውርድ ንባብ ይሉታል፤ ዳዊት የሚነበብበት፣ ቃሉን ጎተት፣ ረገጥ፣ ከዚያ ወደቅ እያደረጉ። አማርኛ ይሁን ግዕዝ ግድ የላቸውም። «ጎረቤቶቼ ሆይ፣ በሩን ክፈቱልኝ» የሚለውን ስታነቡት ተራ ቃል ነው። በእማሆይ አፍ ግን መዝሙረ ዳዊት ሆነ። እሳቸው ይላሉ፣ እኔ እቀበላለሁ፤ እንደ ቆሎ ተማሪ። ስቀድማቸው በመቋሚያቸው መሬቱን መታ ያደርጋሉ። በመሐሉ ደግሞ ይቆማሉ፦

«ልጄ፣ ይቺ ሴትዮ የንስሐ አባት የላትም እንዴ?»

«አልተጻፈም፣ እማሆይ።»

«ታዲያ እንዲህ ስትሞት ማን ይፍታት? እረ ባክሽ ቄስ ጥሩላት በያቸው።»

ሰውየው ሚስቱን ትቶ ሌላ ሴት ጋ የሄደበትን ገጽ ሲያነቡ አማተቡ። የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ሴትዮዋ ልትሞት ስትል «ልጄን አምጡልኝ። ፊቷን ሳላይ አልሙት» ትላለች። እሱን ሲያነቡ ድምፃቸው ተሰበረ። ቀና ብለው አዩኝ። ገጹ ባለቀ ቁጥር፣ ዳዊት ሲዘጉ እንደሚሉት፣ «ይቆየን» ይላሉ። እኔም ሁሉንም እንደሰማሁት ያዝኩት።

የልምምዱ ዕለት መድረኩ ላይ ወጣሁ። ዐይኔን ጨፍኜ የመጀመሪያውን ንግግር ጎተት፣ ረገጥ፣ ወደቅ አድርጌ ተወጣሁትና፣ ጨርሼ፣ «ይቆየን» አልኩ።

ከዚያ የሳቁን ነገር አትጠይቁኝ። ባል ሆኖ የሚጫወተው ሰውዬ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

«ወንድሞቼ፣ ጫማ አውልቁ! ቤተ መቅደስ ገብተናል!»

«ዲያቆኑ የት አለ? ጥላ ያዙላት እንጂ!»

«ማርያምን፣ የሰንበቴ ዳቦ ሳልቀምስ አልወጣም!»

ልጄ ስትርቅ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ስትሄድ ታየኝ። አዘጋጁ ግን አልሳቀም። ሲጋራው ጣቱ ላይ እየነደደ ነው።

«ማነው ያስጠናሽ?»

«መነኩሲት ናቸው፣ ጌታዬ። እኔ ፊደል አላውቅም።» እዚያው ተናግሬ ተገላገልኩ።

ሲጋራውን ጥሎ ረገጠው። «የመጨረሻዋን በያት» አለኝ። አልኳት። ልጄን አምጡልኝ። ፊቷን ሳላይ አልሙት። ሳቁ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ። ያ ባል የሆነው ሰውዬ ከወለሉ ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ። አዘጋጁ፣ «ሌላውን ሁሉ እንደ ሰው ታወሪዋለሽ፤ እኔ ራሴ ቃል በቃል አስጠናሻለሁ። ሞቱን ግን እንዳትነኪው» አለኝ። ቀጥሎ፣ «‹ይቆየን› የምትለዋን እግዜር ይይልሽ፣ አውጪልኝ።»

ምን እንደሆነ አሁን ይገባኛል። የእኛ ሰው ያን ንባብ የሚያውቀው አስከሬን ካለበት ቤት ነው። ሰው ሲሞት፣ ሬሳው ራስጌ ዳዊት ሲደገም። ቴአትሩ የተከፈተ እሑድ፣ አልጋው ላይ ተኝቼ ያን ዜማ ሳወጣው፣ ከጨለማው አዳራሽ አንዲት ሴት «ወይኔ እህቴ!» ብላ ደረቷን መታች። ሌላዋ ተቀበለች። ብዙ ሳይቆይ አዳራሹ ለቅሶ ቤት ሆነ። ከፊት የተቀመጡት ሹማምንት ሳይቀሩ መሐረብ አወጡ። እኔ ይህን ሁሉ የማውቀው በጆሮዬ ነው፤ አዘጋጁ አጥብቆ አስጠንቅቆኛል። «የሞተ ሰው ዐይኑን አይገልጥም። ሳል ቢመጣብሽ ታንቀሽ ሙቺ።»

እሑድ በመጣ ቁጥር እሞታለሁ። እሑድ በመጣ ቁጥር ልጄን አምጡልኝ እላለሁ። የሚያለቅሰው ሰው የቴአትሩን ልጅ ነው የሚያስበው። እኔ ደጀ ሰላሙ ላይ ቁራጭ ጨርቅ ይዛ የቆመችውን ነው የምጠራው። በዚያ ሰሞን የሕፃን ድምፅ ሁሉ የሷ ይመስለኛል። አውቶቡስ ውስጥ ሕፃን ሲያለቅስ እዞራለሁ። ሐጂ ግቢ «እማዬ» ሲባል ከእንቅልፌ እባንናለሁ። ስለዚህ የራሴን ጆሮ ማመን ትቼ ነበር።

ይህን የማነሣው አንድ እሑድ ስለነበረ ነው። ሞቼ ተጋድሜ፣ ሴቶቹ እየጮኹ፣ ከወደ ኋላ አንዲት ሕፃን «እማዬ! እማዬ!» ብላ ስትጮኽ ሰማሁ። ሰዉ እሽ፣ እሽ አለ። ዐይኔን ጨፍኜ፣ ያው ሁሌ የሚሰማሽ ነው አልኩ ለራሴ። መጋረጃው ተዘጋ። አዘጋጁ እየሳቀ መጥቶ፣ «ዛሬማ ሕፃን አስለቀስሽ! ከሰኞ ጀምሮ ቋሚ ነሽ፤ አስጨርሼልሻለሁ» አለኝ። እጁን ሳምኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሐጂ ሽማግሌ ሊሆኑኝ ነጭ ጀለቢያቸውን አሳጠቡ። ሚስታቸው ለልጄ ትንሽ ፍራሽ ሰፋች፤ ከአልጋዬ አጠገብ አነጠፍኩት። የመድኃኔዓለም ዕለት በጠዋት ደጀ ሰላሙ ላይ ቆምን፤ እሳቸው ከአጥሩ ውጭ፣ እኔ ከውስጥ። ቅዳሴው ወጣ። ሰዉ ወጣ። አማቴ የሉም። ልጄ የለችም። «ታመው ይሆናል፤ እንሂድ ከቤታቸው» አሉ ሐጂ።

ግቢው ተቆልፏል። ጎረቤቷ ሴትዮ በአጥሩ ቀዳዳ፣ «አልሰማሽም? ባልሽ መኪናውን ይዞ መጥቶ ዕቃቸውን ጭኖ ወሰዳቸው» አለችኝ።

«ወዴት?»

«ጎጃም አሉ። ጅማም አሉ። እኔ ምን አውቄ።»

ሐጂ ክንዴን ይዘው ወደ ቤት መለሱኝ።

ጎጃም ሄድኩ። በጭነት መኪና ላይ፣ እህል ጆንያ መሐል ተቀምጬ። የአማቴን አገር ጠይቄ ደረስኩ። «ከወጣች አልተመለሰችም» አሉኝ። ጅማም ሄድኩ። የሾፌሮች ማደሪያ ሁሉ ዞርኩ፤ ሾፌሮቹ ያዝኑልኛል፣ ባሌ ያለበትን ግን አይነግሩኝም። ከእሑድ እንዳላልፍ ደግሞ ተሯሩጬ እመለሳለሁ። ያ ቋሚ ሥራ ከቀረ፣ ብትገኝም እንደገና ይነጥቁኛላ! ተመልሼ፣ የመንገዱን አቧራ ታጥቤ፣ አልጋው ላይ እተኛለሁ። ልጄን አምጡልኝ። ሰው ያለቅሳል፣ ያጨበጭባል። መጋረጃው ሲዘጋ ተነሺ ይሉኛል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ መነሣት የማልፈልግበት እሑድ ብዙ ነበር። ባል የሆነው ሰውዬ፣ ያ የሳቀብኝ፣ አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ «ተነሺ እህቴ፣ ተነሺ፣ አለሁልሽ» ብሎ በትከሻዬ ደግፎ አስነሣኝ።

ትንሹን ፍራሽ አላነሣሁትም። የሐጂ ሚስት በየበዓሉ አውጥታ ፀሐይ ታስነካዋለች።

ከዚያ ዘመኑ ተገለበጠ። ንጉሡ ወረዱ፤ የሚሠራው ቴአትርም ተለወጠ፤ እኔም በዚያው ወጣሁ። የኖርኩበትን ሁሉ ብጽፍ ወረቀት አይበቃም፤ ደግሞ ዘነበወርቅ ልደርስ ነው፣ ልመለስ።

ዓመታት ካለፉ በኋላ አንድ ቀን፣ ዝናብ አባርቶ ደጄ ላይ ምስር ስለቅም፣ ሕፃን ያዘለች ሴት ከበሩ ቆመች። የአማቴ ግንባር ነው ያላት፤ ሰፊ፣ ቀጥ ያለ። ምስሩ ከጭኔ ላይ ፈሰሰ። እሷ ግን ልቧ ወደ ሌላ ነው።

«ቤቶች፣ ደህና ዋላችሁ። ቀራንዮ ግቢ አንዲት ጧፍ ሻጭ እናት ናቸው እዚህ የላኩኝ። የእናቴን መቃብር እየፈለግሁ ነበር። ድሮ ቴአትር ትሠራ ነበር፤ ጸሎት ላስደርግላት ብዬ... እሳቸው ‹ሂጂና ራሷን ጠይቂ› ብለው ሳቁብኝ። እርስዎ ያውቋታል?»

«እርስዎ» አለችኝ፣ የወለድኳት ልጅ። ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ፣ ቤት ገብቼ፣ ያን ትንሽ ፍራሽ ተሸክሜ ወጣሁ። ሌላ ምን ላሳያት? ፍራሹን አየች። ከዚያ ፊቴን፤ ረጅም ጊዜ። ከዚያ ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ያዘለችው ሕፃን ጮኸች። ያቺ ሕፃን፣ ልጆቼ፣ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ያስጠጋችው ናት።

ስንጽናና ቆይተን፣ ለምን አልፈለግሽኝም፣ ማን ሞተች አለሽ ብዬ ጠየቅኋት። «ማንም አላለኝም። ስትሞቺ ዐይቼሻለሁ» አለችኝ።

በልጄ አፍ ልንገራችሁ፤ ያቺ ሕፃን የጮኸችበት እሑድ፣ አያቷ ይዛት መጥታ ነበር። ክፋት አስባ አልነበረም፤ የእናትየውን ሥራ በዐይኔ አይቼ ለሽማግሌ ልናገር ብላ ነው። ዳዊቱ ሲሰማ አያቷ ራሷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ አለቀሰች። ልጅቷ «እማዬ» ብላ ጮኸች፤ አያቷ አፏን ይዛ አወጣቻት። ፌርማታው ላይ ልጄ ቀና ብላ፣ «አያቴ፣ እማዬ ሞተች?» አለቻት።

አያቷ አዎ አላለችም፤ አልሞተችምም አላለች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ ጥለቱን ገለበጠች፣ እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለበሰችው።